የአንባቢያን ጥያቄ፦ አዲስ ቴፕ ሲገጠም ሽቦው በምን ይያያዝ?

ጥያቄ፦ ከጃፓን ያገለገለች ቪትዝ ገዝቻለሁ። ራዲዮዋ ከ90 በላይ ስለማይሄድ 97.1ንም ሆነ ሸገር 102.1ን አይዝም። ባለ ስክሪን ቴፕ ገዝቼ ሦስት ባለሙያ ጠየቅሁ። አንዱ «ሶኬቱን ቆርጬ ሽቦውን ጠምዝዤ በናስትሮ እጠቀልለዋለሁ» አለኝ። ሁለተኛው በስታኞ ይበየድ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የቤት መብራት ማያያዣ ይበቃል ባይ ነው። ማንን ልስማ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ማንንም ቢሰሙ ሶኬቱን አያስቆርጡ። እንደ ቪትዝ ባሉ ያገለገሉ ቶዮታዎች ራዲዮ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሶኬት ይገኛል፤ አንዱ ባለ 10፣ ሌላው ባለ 6 ሽቦ። ለእነሱ ልክ የሚሆን፣ ከኋላው ሽቦ የተንጠለጠለ ሶኬት ለብቻው ይሸጣል። አንዳንዴ ከቴፑ ጋር ካርቶን ውስጥ ስለሚመጣ መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ። የዚህ ሶኬትና የቴፑ ሽቦዎች ጠረጴዛ ላይ ተረጋግተው ይያያዛሉ፤ መኪናው ውስጥ የሚቀረው መሰካት ብቻ ነው። መኪናዋን ሲሸጡም የድሮው ራዲዮ ቦታው ይመለሳል።

ለማያያዣው የኛ ምርጫ በፒንሳ የሚጨመቀው ባለ ፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ለሆነ ሽቦ፣ ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5 ላለው ነው። የቴፕ ሽቦ በአብዛኛው በቀዩ ያልቃል። ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው ነጌቲቭ)፣ የዳሽቦርድ መብራት፣ ስምንት የስፒከር ሽቦ፤ በድምሩ 12 መገጣጠሚያ ነውና የሚበላሸውን አስበው 20 ይግዙ። ሽቦውን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ልጠው እስከ መሃል ያስገቡና ለዚሁ በተሠራው ፒንሳ ይጭመቁ። ተራ ፒንሳ ቱቦውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል እንጂ ሽቦውን አይነክስለትም። ከዚያ እያንዳንዱን ጠንከር አድርገው ይጎትቱ፤ የሚወጣ ከሆነ አሁን ይውጣ።

ናስትሮ ብቻውን የማይበቃው ዳሽቦርድ ውስጥ ስለሚሞቅ ነው። ሙጫው ይለሰልስና ይንሸራተታል፤ የተራቆተው የባትሪ ሽቦ ብረት ሲነካ ፊውዝ ይቃጠላል። ስታኞ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በክሮቹ መካከል እየሰረገ ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ንዝረት ሲበዛ ደረቁና ለስላሳው በሚገናኙበት ቦታ ይሰበራል። መበየድ ከመረጡ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ከብየዳው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር አስረዝመው ያልብሱት። የቤት መብራቱ ጠምዛዛ ቆብ ግን ለወፍራም ነጠላ ሽቦ የተሠራ ስለሆነ በኮረኮንች መንገድ ይላላል። ማንሻ ያለው የዋጎ ማያያዣ ከእሱ በእጅጉ ይሻላል፤ ልጡ 11 ሚሊ ሜትር ይሁን። ችግሩ ግዝፈቱ ነው፤ ከስክሪን ጀርባ 12ቱን ለማስቀመጥ ቦታ ይጠብባል።

ብዙ ቴፕ የሚገድለው ግን ማያያዣው ሳይሆን ቀለም ከቀለም ማገናኘት ነው። በእነዚህ ቶዮታዎች ግራጫው ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ያመጣል፤ በአዲሱ ቴፕ ላይ ግን ግራጫ የቀኝ ፊት ስፒከር ፖዘቲቭ ነው። ግራጫን ከግራጫ ካገናኙ ቁልፉን እንደከፈቱ የቴፑ አምፕሊፋየር ሊቃጠል ይችላል። አረንጓዴም እንዲሁ ነው፤ በመኪናው በኩል የመብራት መስመር፣ በቴፑ በኩል የግራ ኋላ ስፒከር። ትክክለኛው አገናኝ ይህ ነው፦ የቴፑ ቢጫ (ቋሚ ባትሪ) ከመኪናው ቢጫ መስመር ካለበት ሰማያዊ፣ ቀዩ ከግራጫው፣ ጥቁሩ (ማሳ) ከቡናማው፣ ብርቱካናማው ከአረንጓዴው። ከእርስዎ በፊት ሰው ነካክቶት ሊሆን ስለሚችል በቴስተር ያረጋግጡ፤ ቁልፍ ተዘግቶም 12 ቮልት የሚያሳየው ቋሚው ነው። ለክተው ሲጨርሱ የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱና ሥራውን ይጀምሩ። የስፒከር ነጌቲቭ ከማሳ ጋር በፍጹም አይገናኝም።

ጥያቄ፦ የስፒከር ሽቦዎቼ ተቆርጠው ቀለማቸውም ደብዝዟል። ፖዘቲቩን እንዴት ልለይ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከቴፑ ነቅለው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ለአፍታ ያስነኩት። የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ከተገፋ የድንጋዩን ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ ስፒከር ቢገለበጥ ድምፅ ይሰማል፤ ቤዙ ግን ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር ሰዓቱና ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ፤ ድምፅ ስጨምር ደግሞ ቴፑ ይዘጋል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ቢጫው በቁልፍ መስመር ላይ ስለገባ ነው፤ ምናልባት ከቀዩ ጋር ተቀያይረዋል። ሁለቱንም ከቋሚው ባትሪ ጋር ማሰር መፍትሔ አይሆንም፤ መኪናው ቆሞ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ለሁለተኛው ማሳውንና ቢጫውን ይመርምሩ። ድምፅ ሲጨምር ቴፑ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ የላላ መገጣጠሚያ ካለ እዚያ ላይ ቮልቱ ይወርድና ቴፑ ይጠፋል። ድምፁን ከፍ አድርገው በመገጣጠሚያው ሁለት ጎን ቴስተር ይያዙ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ቆርጠው እንደገና ይጭመቁት።