ባሌ ለሰላም ማስከበር ሊሄድ ነው፤ ከመሄዱ በፊት ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ስሜ ይቆይልኝ። ባለቤቴ ወታደር ነው። ከተጋባን 4 ዓመታችን ነው፤ የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ከሁለት ወር በኋላ ለሰላም ማስከበር ወደ ደቡብ ሱዳን ይሄዳል። አንድ ዓመት ይቆያል ተብሏል። እንዲቀር ለግሸን ማርያም ጥላ ላገባ ተስዬ ነበር፤ አልቀረም። የተጋባነው በሽማግሌ ነው፤ አልቆረብንም። አማቴ "ሳይሄድ ቁረቡ፣ ይጠብቀዋል" ትላለች። ደግሞ ከአንድ ደብተራ ዘንድ ጥይት የሚመልስ ክታብ ላሠራለት እያለች ነው። ሙስሊም ጎረቤታችን "ዱአ አስደርግለታለሁ" ብላኛለች፤ እሺ ብላት ኃጢአት ይሆንብኛል? እዚያስ ጾሙን እንዴት ይጹም? እሱ "ሥራ ነው፣ አታካብጂ" ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ነገር ጠይቀሻል። እኔን የያዘችኝ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ናት። "አታካብጂ" የምትለዋ። ከእሷ ልጀምር።

ቅዱስ ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት ብለው ለጊዜው ቢለያዩ ተስማምተው ይሁን ይላል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ለጥቂት ቀን ጸሎት እንኳ ስምምነት ካስፈለገ፣ ለአንድ ዓመት መለያየትማ ምን ያህል መነጋገር ያስፈልገው ይሆን? እርግጥ ወታደር ስሙ ሲወጣ "ቆይ ሚስቴን ልጠይቅ" አይልም። ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው። መስማማት ያለባችሁ በመሄዱ ላይ አይደለም፤ እሱ አልቋል። በአካሄዱና በአኗኗራችሁ ላይ ነው። በሙሴ ሕግ አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ወደ ሰልፍ አይወጣም ነበር። ቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን ደስ ያሰኛት ይላል (ዘዳ. 24፥5)። እናንተ 4 ዓመት ስለሆናችሁ በዚህ አትከራከሩም። ግን እግዚአብሔር ስለ ዘማች ሚስት ማሰቡን ልብ በዪ። አላካበደም።

አባቴ ወታደር ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ደብዳቤው ሲመጣ የማነበው እኔ ነኝ። "ደህና ነኝ። ለልጆቹ ሰላም በዪ።" በቃ። "ሌላ የለም?" ትለኛለች። "የለም።" ወረቀቱን ትቀበለኝና ገልብጣ ጀርባውን ታየዋለች። ማንበብ የማትችል ሴት ባዶ ወረቀት ጀርባውን ታያለች። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዳትጨነቅ ብሎ ነው። እሷ ግን የምትጨነቀው ባልተጻፈው ነበር።

እና ባለቤትሽን ዛሬ ማታ፣ ልጅቷ ስትተኛ፣ "እኔ የምፈራው ይህንን ነው፤ አንተስ?" በዪው። ወንድ ልጅ፣ ያውም ወታደር፣ ፈራሁ ለማለት ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ወር አላችሁ። አንድ ምሽት ላይ አትጨርሺው።

ወደ ስለቱ ልምጣ። የተሳልሽው ቢቀር ነው፤ አልቀረም። ስለዚህ የጥላ ዕዳ የለብሽም፤ በዚህ አትጨነቂ። "እመቤታችን አልሰማችኝም" የሚለውን ግን ከልብሽ አውጪው። ስለት ልመና እንጂ ውል አይደለም። ግሸን ደብረ ከርቤን ታውቂያለሽ፤ ተራራው ራሱ መስቀል ነው። መስከረም 21 ቀን ያን ዳገት የሚወጣው ሰው ሁሉ የለመነው ተፈጽሞለት አይደለም። ለምኖ ያላገኘም ይወጣል። አንቺም ከቻልሽ ውጪ። "አስቀሪልኝ" ያልሽውን "ጠብቂልኝ" ብለሽ ቀይሪው።

አሁን ዋናው፣ ቁርባኑ። አማትሽ ቁረቡ ማለቷ መልካም ነው። ምክንያቷ ግን ልክ አይደለም። ሥጋ ወደሙ የጥይት መከላከያ ልብስ አይደለም። የምንቆርበው በክርስቶስ ለመኖር ነው፤ ብንኖርም ብንሞትም የእሱ እንድንሆን። በሽማግሌ ተጋብተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ንስሐ ገብተው አብረው ሲቆርቡ ትዳራቸው በቤተ ክርስቲያን ይጸናል። ከዚያ በኋላ "አልተስማማንም፣ እንፋታ" የሚባል ቀላል ነገር የለም። ስለዚህ ለጉዞ ተብሎ በጥድፊያ የሚደረግ አይደለም። ግን ሁለት ወር ትንሽ ጊዜ አይደለም። የንስሐ አባት ካላችሁ በዚህ ሳምንት አብራችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ በሰፈራችሁ አጥቢያ ያዙ። አብራችሁ ማለቴን ያዢልኝ፤ አንቺ ሄደሽ "ባሌም እሺ ብሏል" የምትዪው ነገር አይደለም። ንስሐውን እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ትናገራላችሁ። ከምግብ 18 ሰዓት መጾሙን፣ ከመኝታ የምትታቀቡባቸውን ቀናት፣ ቀኖናውን እሳቸው ይነግሯችኋል። ልጃችሁ ተጠምቃ ከሆነ እሷም ትቆርባለች። ሦስታችሁም ነጭ ለብሳችሁ ጠዋት በአንድ መስመር ብትቆሙ፣ ያቺ ቀን ለአንድ ዓመት ስንቅ ትሆናችኋለች።

እሱ ገና ልቡ ካልተዘጋጀስ? አታስገድጂው። "አማቴ ብላለች" ተብሎ አይቆረብም። ሲመለስ ይደርሳል።

ክታቡን በአጭሩ፦ አይሆንም። "ጸበልና እምነት ይዞ ሲሄድ ምንም አትሉም፣ ክታብ ሲሆን ለምን?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጸበል በሃይላንድ ይያዝ፣ እምነቱም በትንሽ ላስቲክ ይቋጠር፣ ማተቡም አንገቱ ላይ ይሁን። እነዚህ በእግዚአብሔር ስም የተባረኩ ናቸው፤ "አትሞትም" ብለው ቃል አይገቡም። ክታቡ ግን ለማይታወቅ ስም ገንዘብ ተከፍሎ "ጥይት ይመልሳል" ይላል። ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወታደር ነበር፤ ቅዱስ መርቆሬዎስም ወታደር ነበር። ሁለቱም በሰይፍ ነው ያረፉት። ክታብ አልያዙም፣ እግዚአብሔርም አልተዋቸውም። ደግሞ እንደው በሥጋው እንኳ እንየው። ጥይት አይነካኝም ብሎ ያመነ ወታደር ሄልሜቱን በደንብ ያጠብቃል ብለሽ ታስቢያለሽ? ለአማትሽ በቁጣ አትመልሺላት። ልጇ ነው የሚሄደው። "እማማ፣ ያን ገንዘብ ለመቅደሱ ጧፍና ዕጣን እናድርገው" በያት።

የጎረቤትሽ ነገር ፈገግ አሰኝቶኛል። ደሴና ኮምቦልቻ ኖሮ ይህን ያልጠየቀ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም። ሴትዮዋ ዱአ የምታስደርገው ባልሽ በሰላም እንዲመለስልሽ ብላ ነው። በሃይማኖቷ ሥርዓት ገብተሽ አትሳተፊም፤ እሷም አልጠየቀችሽም። መልካም ስትመኝልሽ "አሜን፣ ይስጥልኝ" በያት። በዓመቱ ውስጥ ሌሊት ልጅሽን ቢያተኩሳት መጀመሪያ በሯን የምታንኳኪው የእሷን ነው። ቡና ስትጠሪ አትርሻት።

ጾሙ። በካምፕ የሚቀርበውን ምግብ እሱ አይመርጥም። ስለዚህ ሄዶ ከሚቸገር፣ ሳይሄድ ለንስሐ አባቱ ሁኔታውን ያስረዳ። ለሕመምተኛ፣ ለመንገደኛ፣ በግዳጅ ላለ ሰው ምን ይፈቀዳል የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እኔ ከዚህ ሆኜ "ብላ" ወይም "አትብላ" ብለው ከአገልግሎቴ መውጣት ይሆንብኛል። አንቺ የምትችዪውን ልንገርሽ፦ በሶ። ገብሱን ቆልተሽ፣ አስፈጭተሽ፣ በደንብ ቋጥሪለት። ለረቡዕና ዓርብ ውኃና ጨው ብቻ ይበቃዋል። ሚዛን ከፈቀደ ሽሮም ጨምሪ። የቤቱን ሽሮ ሽታ እዚያ ሲያሸት ስብከቴን ሁሉ ይተካዋል።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልናገር፤ ይቅርታ። ፈተና አለ። እሱም እዚያ ይፈተናል፣ አንቺም እዚህ። የኦርዮንን ታሪክ ስናነሣ ሰው ቶሎ ብሎ ሴቲቱን ያያል። ጽሑፉ ግን የሚጀምረው ከዳዊት ነው። ወታደሩ ግንባር ነው፤ ንጉሡ ቤቱ ሰገነት ላይ ይመላለሳል (2ኛ ሳሙ. 11)። የወደቀው ቤት የቀረው ወንድ ነው። ስለዚህ "ሴት ብቻዋን ስትቀር" የሚለውን የሰፈር ወሬ አትሸከሚ። ግን ከባለቤትሽ ጋር አንድ ነገር ተስማሙ፦ ዝምታ ምን ማለት ነው? ኔትወርክ ይጠፋል። ቅኝት ላይ ይሆናል። ስልኩ አልሠራም ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ከዳኝ ማለትም አይደለም። ለስንት ቀን ዝምታ ክፉ እንደማታስቢ ቀኑን ቆጥራችሁ ወስኑ። እሱም አንቺ ስልክ ባታነሺ "የት ነበርሽ?" ከማለቱ በፊት "ልጅቷ እንዴት ናት?" ይበል።

ገንዘቡም አለ። ካህን ገንዘብ አያወራም የሚሉ አሉ፤ ስንት ትዳር በአበል ምክንያት ሲፈርስ አይቻለሁ። አበሉ ሲሰማ ዘመድ ይበዛል። አንዱ መሬት እንግዛ ይላል፣ አንዱ ባጃጅ። ወታደሮች ወደ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው "እኛስ ምን እናድርግ?" ሲሉት፣ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነግሯቸዋል (ሉቃ. 3፥14)። ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። እናንተም ሳይሄድ ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ለቤት ኪራይ ይህ፣ ለእናቱ ይህ፣ ዐሥራት ይህ፣ ቁጠባ ይህ። ለባንክና ለቤት ጉዳይ ውክልና ይስጥሽ። ሰው ቢጠይቅሽ ወረቀቱን ታሳያለሽ፤ ክፉ ሰው አንቺ አትሆኚም።

ዳዊትን ካነሣሁ ደጉን ሥራውንም ላንሣ። አማሌቃውያንን ሲያሳድድ 600 ሰው ነበረው። 200ዎቹ ደክመው ከቦሦር ወንዝ ማዶ ዕቃ ሲጠብቁ ቀሩ። 400ዎቹ ድል አድርገው ሲመለሱ ከመካከላቸው ክፉዎቹ "ያልዘመተ ምንም አይካፈል" አሉ። ዳዊት እምቢ አለ። የዘመተውና ዕቃ የጠበቀው ድርሻቸው እኩል ነው አለ፤ ለእስራኤልም ሥርዓት አደረገው (1ኛ ሳሙ. 30)። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ከዘመተ ወዲህ፣ ከዚያም ኮንጎ፣ ስንት ኢትዮጵያዊ ወታደር የሰው አገር ሰላም ሲጠብቅ ኖሯል። ሜዳልያ የተሰጠው ለእሱ ነው። ልጅ አቅፋ የተኛችውን ማን ጻፋት? "አታካብጂ" ሲልሽ ይህንን አሳዪው። ለጠብ ሳይሆን እንዲያውቀው።

ጸሎታችሁን በአንድ ሰዓት አድርጉ። ጁባ ከእኛ 1 ሰዓት ወደኋላ ናት። አንቺ ኮምቦልቻ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስትቆሚ፣ እሱ በዚያ አገር ሰዓት 2 ሰዓት ላይ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ትደግማላችሁ፣ ከዳዊት 120ኛውን፣ መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል የሚለውን። ዘብ ከሆነ በልቡ ይበለው። ልጅቷንም አጠገብሽ አቁሚያት። "አባባ አሁን ይጸልያል" በያት። የ2 ዓመት ልጅ ፎቶ ትረሳለች፤ በየማታው የምትሠራውን ግን አትረሳም።

ለቁርባኑ ቀን ከወሰናችሁ፣ ባትወስኑም፣ መሄጃው ሲታወቅ ጻፊልኝ። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ብትመጡ ደስ ይለኛል። ካልተመቻችሁ የክርስትና ስሙን ላኪልኝ፣ በጸሎት እናስበዋለን። የአንቺንም ላኪ።