የቦስተኑ ሜሶን ለንደን ሲገባ ፓሪስ የሚከለከለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቦስተን ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የፕሪንስ ሆል ፍሪሜሶን (አባላቱ ሜሶን የሚባሉት የወንድማማቾች ማኅበር፣ በጥቁሮች የተመሠረተው ቅርንጫፍ) አባል ነው። አባቱም ሜሶን እንደነበሩ፣ ነገር ግን በኖሩበት ከተማ ነጮች በሚሰበሰቡበት ሎጅ (የሜሶኖች የአካባቢ ማኅበር) አንድም ቀን ሳይቀመጡ እንዳለፉ አጫውቶኛል። እርሱ ራሱ ለንደን ሄዶ በክብር ተስተናግዷል፤ ፓሪስ ያለ ሜሶን ወዳጁ ወደሚሰበሰብበት ሎጅ ግን መግባት እንደማይፈቀድለት ይናገራል። ሁሉም ሜሶን ከሆኑ ይህን የሚወስነው ማን ነው?

አንባቢያችሁ፣ ከቦስተን

መልስ፦ ብዙ ሰው ፍሪሜሶንን ከአንድ ማዕከል ትእዛዝ የሚቀበል ዓለም አቀፍ ድርጅት አድርጎ ስለሚገምት፣ የጠቀሱት ነገር ግራ ቢያጋባዎ አይደንቅም። እንዲህ ያለ የበላይ አካል ግን የለም። በየአገሩ፣ በአሜሪካ ደግሞ በየስቴቱ፣ በሥሩ ያሉትን ሎጆች የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ ታላቅ ሎጅ አለ። ዕውቅና የሚባለው ሁለት ታላላቅ ሎጆች አንዱ የሌላውን አመሠራረትና ሥርዓት ትክክለኛ ነው ብለው ሲቀበሉ ነው፤ አባላቱ በስብሰባ መጎብኘት የሚችሉትም ይህ ስምምነት ሲኖር ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን አብያተ ክርስቲያናት ጋር በቅዳሴ አንድ ሆና ከሮም ጋር ግን የማትሆነው በምእመናኑ ጠባይ ምክንያት እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም የሚመዘነው ግለሰቡ ሳይሆን አባል የሆነበት አካል ነው።

የእንግሊዝ የተባበረው ታላቅ ሎጅ በ1929 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዕውቅና መመዘኛዎቹን በጽሑፍ አውጥቷል። ከእነዚህም ውስጥ አመሠራረቱ ሕጋዊ መሆን፣ አባላቱ በአምላክ ማመናቸው፣ ቅዱስ መጽሐፍ በስብሰባ ጊዜ ተከፍቶ መቀመጡ፣ በሎጅ ውስጥ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ አለመከራከር ይገኙበታል። ለንደን፣ ማለትም ይህ ታላቅ ሎጅ፣ በማንም ላይ የማዘዝ ሥልጣን ባይኖራትም፣ በዕድሜዋ ምክንያት ቃሏ በሌሎቹ ዘንድ ይከበራል።

የባልደረባዎ አባት ታሪክ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ፕሪንስ ሆል የተባለው የቦስተን ጥቁር ነዋሪና ዐሥራ አራት ጓደኞቹ በ1775 በአየርላንድ ሥር በነበረ የእንግሊዝ ጦር ሎጅ ውስጥ ሜሶን እንደሆኑ ይተረካል። በ1784 ለንደን እነርሱ ለሚሰበሰቡበት አፍሪካን ሎጅ የፈቃድ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ደብዳቤው ቦስተን የደረሰው በ1787 ነው። ይሁን እንጂ በ1813 በእንግሊዝ የነበሩት ሁለት ተፎካካሪ ታላላቅ ሎጆች ሲዋሐዱ የአፍሪካን ሎጅ ስም ከመዝገብ ወጣ፤ ሎጁም በ1827 ራሱን ችሎ መቆሙን አወጀ። ከዚያ በኋላ የነጮቹ ታላላቅ ሎጆች በር የዘጉበት ምክንያት በአንድ ስቴት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ሎጆች ሊኖሩ አይችሉም የሚለው የአሜሪካኖች ደንብ ነበር። ደንቡ በወረቀት ላይ ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ቃል አይናገርም፤ የተከሰተውን ያየ ግን ለዘር መለያየት ሽፋን ሆኖ ማገልገሉን ለመካድ ይቸገራል። በ1898 የዋሽንግተን ስቴት ታላቅ ሎጅ ለፕሪንስ ሆል ሜሶኖች በሩን ለመክፈት ሲሞክር ሌሎች ታላላቅ ሎጆች ግንኙነታቸውን ስላቋረጡበት በዓመቱ ውሳኔውን ሻረ። የማሳቹሴትስ ታላቅ ሎጅም በ1947 ያሳለፈውን ተመሳሳይ ውሳኔ ከሁለት ዓመት በኋላ በጫና ምክንያት መልሶ ሰርዞታል። የባልደረባዎ አባት ያን ጊዜ ሜሶን ከነበሩ፣ በሩ ለጥቂት ጊዜ ገርበብ ብሎ ሲዘጋ ሳያዩ አልቀሩም።

ነገሩ የተለወጠው በ1989 በኮነቲከት የሚገኙት ሁለቱ ታላላቅ ሎጆች እርስ በርሳቸው ዕውቅና ሲሰጣጡ ነው። የእንግሊዝ ታላቅ ሎጅ በ1994 የማሳቹሴትስን የፕሪንስ ሆል ታላቅ ሎጅ ተቀበለ፤ ባልደረባዎ ለንደን በክብር የገባው በዚህ ውሳኔ ነው። በደቡብ ስቴቶች ጉዳዩ ብዙ ዘግይቷል፤ አላባማ እንኳ ስምምነቱን የፈረመችው በ2017 ነው።

የፓሪሱ ምክንያት ሌላ ነው። ግራንድ ኦርየንት የተባለው የፈረንሳይ ሜሶኖች አስተዳዳሪ አካል በ1877 በአምላክ መኖር ማመንን ከሕገ ደንቡ አወጣ፤ የሚገርመው ሐሳቡን ያቀረበው ፍሬዴሪክ ዴሞን የተባለ የፕሮቴስታንት ቄስ መሆኑ ነው። ለንደን ከዚያ በኋላ ግንኙነቷን አቋረጠች፤ የወዳጁ ሎጅ በዚህ አካል ሥር ከሆነ ክልከላው ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬ በፈረንሳይ ዕውቅና የምትሰጠው ለብሔራዊው ታላቅ ሎጅ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በውስጥ ሽኩቻ ምክንያት በ2012 ዕውቅናውን አጥቶ በ2014 ነበር መልሶ ያገኘው። ስለዚህ ዛሬ የተከፈተ በር ነገ ላይከፈት ይችላል።

ባልደረባዎ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ አስቀድሞ የራሱን ታላቅ ሎጅ ጸሐፊ መጠየቅ አለበት፤ የሚገዛው የለንደን ዝርዝር ሳይሆን የራሱ ታላቅ ሎጅ ዝርዝር ነውና። በር ላይ የአባልነት ካርዱን ማሳየትና ጥያቄዎችን መመለስ ይጠበቅበታል፤ ይህን ሁሉ ቢያሟላም የሎጁ መሪ እንግዳ ላለመቀበል መብት አለው። ባለማወቅ ዕውቅና የሌለው ሎጅ ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ደግሞ ወጥቶ መሄድ ግዴታው ነው፤ አውቆ ከተቀመጠ በአገሩ ሎጅ ሊከሰስ ይችላል። ከፓሪሱ ወዳጁ ጋር ቡና መጠጣት ግን የሚከለክለው ደንብ የለም።