የክፍላችሁን በር ክፈቱ

ውድ ወጣት መምህራን፣ በቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ፣ በየአካባቢያችሁ ልጆች ሰብስባችሁ የምታስጠኑ ሁሉ፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። ብዙ ተሳስቻለሁ። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ግን አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዓመታት በሬን ዘግቼ ነው ያስተማርኩት።

ስንፍና አልነበረም። ሥራዬን እወደው ነበር። ማታ ማታ ከካርቶንና ከቆርኪ የማስተማሪያ መሣሪያ እሠራለሁ። ልጆቹን በቡድን አስቀምጬ ራሳቸው እንዲለኩ፣ እንዲመዝኑ፣ እንዲከራከሩ አደርጋለሁ። ጥሩ ይሄድልኝ ነበር። ለማንም ግን አላሳየሁም። «ገና አላለቀም» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ሰው ምን ይለኛል የሚል ፍርሃትም ነበረብኝ። ከዚያ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ከዓመት በኋላ የድሮ ባልደረቦቼን ልጠይቅ ስመለስ፣ ካርቶኖቼ መጋዘን ጥግ ተቆልለው አቧራ ለብሰዋል። የተካኝ መምህር ለምን እንደሚያገለግሉ እንኳ አያውቅም። በምን ልፍረድበት? የነገረው ሰው የለም።

ስለ አዲስ የማስተማር ዘዴ ዛሬ ብዙ ይወራል። ታብሌት፣ ሮቦት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። አልጠላቸውም። ግን ጥሩ ሐሳብ ዕድሜ የሚኖረው ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያም ወደ ወላጅ ቤት የሚሄድበት መንገድ ሲያገኝ ነው። መንገዱን የሚጠርጉት ደግሞ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

የእኔ በር የተከፈተው እንዲህ ነው። በዙሪያችን ያሉ አምስት ትምህርት ቤቶች፣ አንድ ቤተ መጻሕፍትና ጥቂት ወላጆች በወር አንድ ቀን መገናኘት ጀመርን። ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት ባልደረባችን ስለ ጃፓን መምህራን አንብባ ነበር። ጃፓኖች «ጁግዮ ኬንክዩ» የሚሉት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አሠራር አላቸው። መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ያያሉ። በኋላ ተቀምጠው ይወያያሉ። ዓይናቸው የሚከተለው ግን ልጆቹን ነው፤ መምህሩን አይደለም። ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር ብዙ ትለውጣለች። ሊገመግሙኝ መጡ ብሎ መንቀጥቀጥ ይቀራል።

ተራዬ ሲደርስ ክፍልፋይ አስተማርኩ። ሲያልቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጆቹ እጃቸውን አውጥተዋል፣ መልሰዋል። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ማስታወሻዋን ገለጠች። ሙሉውን ሰዓት ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችውን አንዲት ልጅ ብቻ ስትከታተል ነው የቆየችው።

«መምህር፣ ከሁለት ሦስተኛና ከሦስት አራተኛ የቱ ይበልጣል ብለው ሲጠይቁ፣ ልጅቷ ሦስት አራተኛ ብላ ጻፈች» አለች። «ከዚያ የጎረቤቷን ደብተር አየች። ሁለት ሦስተኛ ይላል። የራሷን በላጲስ አጠፋችው።»

ዝም አልኩ። ያቺን ልጅ ለሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ሒሳብ አይገባትም ብዬ ደምድሜ ነበር። ለካ ገብቷታል። በራሷ መልስ ላይ ለመቆም ነው ያልደፈረችው። ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ይህን በምንም መንገድ ላየው አልችልም ነበር። የሌላ ሰው ዓይን፣ ያውም መምህር ያልሆነች ሰው ዓይን ነው ያየልኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ መልሱን ጮክ ብለው ከመናገራቸው በፊት እንዴት እንዳገኙት ለጎረቤታቸው እንዲያስረዱ ማድረግ ጀመርኩ። በሚቀጥለው ወር የሌላ ትምህርት ቤት መምህርት ሞከረችውና በሥዕል እንዲያስረዱ ጨመረችበት። አናጺ የሆነ አንድ አባት ደግሞ ጣውላ ይዞ መጣ። አንዱን ጣውላ ለሦስት እኩል ለመክፈል ምን እንደሚያደርግ አሳያቸው። ልጆቹ ከበውት በእርሳስ ምልክት ሲያደርጉ አሁንም ይታየኛል። ሐሳቡ የእኔ መሆኑ ቀረ። እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት ስወጣ ግን ሐሳቡ እዚያው ቀጠለ።

ማኅበረሰብ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ለስብሰባ ጠርተን የምናስጨበጭበው ሰው ነው። እኔን ከዚህ አመለካከት ያወጣኝ የጣሊያኗ ሬጆ ኤሚሊያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ እንዳበቃ፣ ከከተማዋ አቅራቢያ ቪላ ቼላ በምትባል መንደር ሰዎች በገዛ እጃቸው የሕፃናት ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። የሸሸው የጀርመን ጦር ጥሎት የሄደውን አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው ነው መነሻ ገንዘብ ያገኙት። ከፈራረሱ ቤቶች ጡብ እየለቀሙ ያጥቡ ነበር። ሎሪስ ማላጉዚ የሚባል የ25 ዓመት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሊያያቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ጋር ኖረ። በ1963 ከተማዋ የመጀመሪያውን የማዘጋጃ ቤት መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች። ዛሬ ከብዙ አገር መምህራን ሊጎበኙ ይጎርፋሉ። ቆንጆ ክፍል፣ ብርሃን፣ የልጆች ሥራ ያያሉ። እኔ ግን ከአእምሮዬ የማይጠፉት እነዚያ የታጠቡ ጡቦች ናቸው። መምህሩ ከመድረሱ በፊት ወላጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ።

ስለዚህ አንድ አካባቢ ስትገቡ መጀመሪያ ምን እየተሠራ እንዳለ እዩ። በኮሎምቢያ ገጠር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቪኪ ኮልበርትና ባልደረቦቿ ያስፋፉት «ኤስኩዌላ ኑዌቫ» የሚባል አሠራር አለ። አዲስ ትምህርት ቤት ማለት ነው። አንድ ወይም ሁለት መምህር ብቻ ባለበት፣ የተለያየ ክፍል ተማሪዎች አብረው በሚማሩበት ቦታ የተጀመረ ነው። ልጆቹ ከቤተሰብ ጋር ሆነው የአካባቢያቸውን ካርታና የእርሻ ወቅት መቁጠሪያ ያዘጋጃሉ። ለአዝመራ ሥራ የቀረ ልጅ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በየገጠሩ ብቻቸውን ያሉት መምህራን ደግሞ በየጊዜው ይገናኛሉ፤ የሠራላቸውንና ያልሠራላቸውን ይነጋገራሉ። በእኔ እምነት የዚያ አሠራር ምሰሶ ይህ መገናኘት ነው። ልጆቹ የሚማሩበትን መጽሐፍ ማተም ቀላል ነው፤ ብቻውን ያለን መምህር ከብቸኝነቱ ማውጣት ግን ሥራ ይጠይቃል።

ኢንተርኔት የለንም ብላችሁም አትቀመጡ። ፈረንሳዊው መምህር ሰለስተን ፍሬኔ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ማተሚያ አስገብቶ ልጆቹ የራሳቸውን ጽሑፍ እንዲያትሙ ያደርግ ነበር። የታተመውን በሩቅ ብሪታኒ ላለ ሌላ መምህር ተማሪዎች በፖስታ ይልካሉ፤ ከዚያም መልስ ይመጣላቸዋል። ፖስታና ቀለም በቂ ነበር።

አሁን ማንም የማይወደውን ጉዳይ ላንሳ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ድሩን ማን እንደሚፈትል ግን አንጠይቅም። ቀኑን የሚያስታውስ፣ የቀረውን ደውሎ የሚጠይቅ፣ ይቺን መምህርት ከዚያ አናጺ ጋር የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ነው፤ ከሥራ መቆጠር አለበት። በአሜሪካዋ ፒትስበርግ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ፣ ዛሬ «ሪሜክ ለርኒንግ» በሚል ስም የሚታወቅ ትስስር አለ። ትምህርት ቤቶችን፣ ሙዚየሞችን፣ ቤተ መጻሕፍትንና ዩኒቨርሲቲዎችን ያገናኛል። በ2011 የከተማዋ የሕፃናት ሙዚየም ልጆች በእውነተኛ መዶሻ፣ በመርፌና በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠሩበት «ሜክሾፕ» የተባለ ክፍል ሲከፍት፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አብረውት ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ስብሰባ አይወለድም። መሃል ላይ ሆኖ የሚያገናኝ ሰው ይፈልጋል።

የእኛ ትስስር አንድ ጊዜ ሊሞት ነበር። ገንዘብ የሚሰጠን ድርጅት አገኘንና አዳራሽ ተከራየን፣ ባነር አሰቀልን። ሰው በዛ። ሁሉም የተሳካለትን ብቻ ይዞ መምጣት ጀመረ። «ይህ አልሠራልኝም» የሚል ድምፅ ጠፋ። በዓመቱ መጨረሻ ወፍራም ሪፖርት ነበረን፤ ከእሱ የተማርኩት አንድ ነገር ትዝ አይለኝም። የዳነው ጥቂቶቻችን ተመልሰን ወደ አንዲት ክፍል ስለገባን ነው። ገንዘብ አትቀበሉ ማለቴ አይደለም። ያልተሳካላችሁን የምትናገሩበትን ቦታ ግን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ።

ፈቃድ ጠብቁ፣ ሰነድ ተፈራረሙ የሚላችሁ ይኖራል። እሱ ይደርሳል። እስከዚያ አንድ ሰው ወደ ክፍላችሁ ጋብዙ። የጎረቤት ክፍል መምህር ይሁን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይም የአንድ ልጅ እናት። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዱ፣ ለልጆቹም እንግዳ እንደሚመጣ ንገሯቸው። እንግዳው ሲመጣ ወረቀትና እርሳስ ስጡት። አንድ ልጅ መርጦ እንዲከታተል ንገሩት። ወንበሩን ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጡለት።