ታጣፊው የብር ቢላ የጥንት ነው ወይስ ተመስሎ የተሠራ?

ጥያቄ፦ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የዛጎል እጀታ ያላቸው ታጣፊ ቢላና ሹካ አግኝቻለሁ። ሻጩ «የምድር ባቡር ፈረንጆች ያመጡት የጥንት ብር ነው» ይላል። በምን ልለየው? ስለጠቆረስ እንዴት ይጸዳል?
አንባቢ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ መጥቆሩ አያሳስብዎት፤ ብር ይጠቁራል። የፍራፍሬ አሲድ ብረትን ስለሚያበላሽና ጣዕም ስለሚለውጥ የእነዚህ የፍራፍሬ መቁረጫ ቢላዎች ስለት ከብር ይሠራ ነበር፤ የብሩን ጥራትና ሠሪውን የሚናገረው ምልክትም ያለው እዚያው ነው። ቢላውን ዘርግተው የስለቱን ሥር፣ መታጠፊያው አጠገብ፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይዩ።

የጥንት የእንግሊዝ ሸፊልድ ከተማ ሥራ ከሆነ ወደ ግራ የሚራመድ አንበሳ (ከ1,000 እጅ 925 ብር ነው ማለት ነው)፣ ዘውድ፣ የተሠራበትን ዓመት የሚያመለክት ፊደልና የሠሪው ምልክት ይኖሩታል። አንበሳው እንደ ሞዓ አንበሳ መስቀል አልያዘም። ዘውድ ብቻውን አይበቃም፤ በብር ቅብ ዕቃ ላይም ይመታ ነበር። ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ብር ቅብ ነው፤ ሥሩ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። በሹካው ጥርስ ጫፍና በመታጠፊያው ዙሪያ ቅቡ ተልጦ ቢጫማ ብረት ብቅ ይላል። ፈረንሳዊ ከሆነ ከ1838 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣውን የራስ ቁር ያደረገችውን የሮማውያን አምላክ የሚኒርቫን ራስ ይፈልጉ።

አሳሳቹ ከእውነተኛ ብር ተመስሎ የተሠራው ነው። አንጥረኛ በሞረድ ፈግፍጎ አሲድ ቢያንጠባጥብበት ብርነቱን እንጂ ዕድሜውን አይነግርዎትም፤ ስለቱን ማስቧጨር ትርፉ ዋጋ ማውረድ ነው፣ እሺ አይበሉ። የጥንቱ ምልክት በብረት ማኅተም የተመታ ስለሆነ ጠርዙ ስል ነው። ከአሮጌ ዕቃ ቅርጽ ተወስዶ የፈሰሰው ግን ጠርዙ የሟሟ፣ ወለሉ በጥቃቅን ቀዳዳ የተወጋ ይሆናል። ከአሮጌው የወረሰው ጭረትም አብሮ ይቀዳል፤ ቢላውና ሹካው ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ካዩ ይተዉት። እጀታውንም ከንፈርዎ ላይ ያድርጉት፤ ዛጎል ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ቶሎ ይሞቃል።

ሲያጸዱ ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉት። ውስጡ ያለው የብረት ሞላ ዝጎ ሲያብጥ ዛጎሉን ይሰነጥቀዋል። ሎሚና ኮምጣጤም ዛጎል ይበላሉ፤ አመድ ብሩን ይቧጭራል። በደንብ የላመ የጠመኔ ዱቄት በጥቂት ውኃ ለውሰው በጥጥ ጨርቅ ስለቱን ብቻ ይሹ፤ ምልክቱ ላይ አይጫኑ። ቢላው ሲከፈት ከከበደ መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ሪቬቱ (ማያያዣው ምስማር) ከላላ ደግሞ በእሳት አያስበይዱት፤ ሙቀቱ ዛጎሉን አቃጥሎ ያፈረፍረዋል።