ፊልሙን አይቶ ገዳዩን ላወቀ ሰው መጽሐፉ ምን ይቀረዋል?

የጠየቅሽው ባጭሩ ይኼ ነው፦ «የሆሊ ጃክሰንን የወንጀል ልብ ወለድ ‹ኤ ጉድ ገርልስ ጋይድ ቱ መርደር›ን በተከታታይ ፊልም ጨርሼ ገዳዩን አውቄዋለሁ። መጽሐፉን ስጀምረው 50 ገጽ ላይ ሰለቸኝ። ልተወው ወይስ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ልለፍ?»

አትተዪው፣ ወደ ሁለተኛውም አትዝለዪ። ያሰለቸሽ አነባበቡ ይመስለኛል። ፊልም አይቶ የመጣ አንባቢ ሳይታወቀው «ይኼ አለ፣ ይኼ የለም፣ ይኼን ቀይረውታል» እያለ ያመሳክራል። እንዲህ ሲሆን የሚያውቀው ገጽ ሁሉ ትርፍ ይሆንበታል። መጀመሪያው ላይ ደግሞ የምታውቂው ይበዛል፤ ተማሪዋ ፒፕ በከተማዋ የተፈጸመን የቆየ ግድያ የምትመረምርበትን የትምህርት ቤት ፕሮጀክቷን ትጀምራለች፣ ሄዳ ገዳይ ነው የተባለውን የሳልን ወንድም የራቪን በር ታንኳኳለች። ስለዚህ 50 ገጽ ላይ መሰላቸትሽ አይገርምም።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ቢቢሲ በ2024 ያወጣው ፊልም 6 ክፍል ነው። አንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ያህል ቢወስድ ድምሩ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። መጽሐፉ 400 ገጽ ገደማ ስለሆነ በሰዓት 40 ገጽ ለሚያነብ ሰው 10 ሰዓት ይፈልጋል። ታሪኩን ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ የግድ የሚጠብ ነገር አለ። ፊልም ሠሪ ደግሞ ትልልቁን ክስተት ሳይነካ የምርመራውን ልፋት ነው የሚያሳጥረው፤ የተሳሳተ ግምቱን፣ ከንቱ የቀረውን ጥሪ፣ ሦስት ጊዜ ተነቦ አራተኛው ላይ ትርጉም የሰጠውን ዓረፍተ ነገር። የዚህ መጽሐፍ ጣዕም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያፈራርቃል። አንዱ በሦስተኛ መደብ የሚተረከው ምዕራፍ ነው። ሌላው ፒፕ ራሷ «እኔ» እያለች የምትጽፈው የፕሮጀክት መዝገብ ነው፤ ቃለ መጠይቆቹ ከነጥያቄና መልሳቸው ይገለበጡበታል፣ የተጠርጣሪዎች ስም ዝርዝርም እያደገ ይሄድበታል። ፊልም አይተው የመጡ ሰዎች ይኼን መዝገብ ነው ገረፍ ገረፍ አድርገው የሚያልፉት፤ ትልቁ ጥፋትም እሱ ነው። ፊልም ላይ ሰው ሲዋሽ ተዋናዩ ዓይኑን ይሰብራል፣ ሙዚቃው ይቀየራል፣ ካሜራው ይጠጋል። ወረቀት ላይ ግን ያለሽ ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃለ መጠይቅ ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ መጀመሪያ የተመለሰውን ለማወቅ፣ ቀጥሎ የተጠየቀውንና ያልተመለሰውን ለመልቀም። ሁለተኛው ንባብ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ደብተር ያዢና ሦስት ዓምድ አስምሪ፦ ምን ተባለ፣ ማን አለው፣ ያለው ሰው በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው። ለምሳሌ የሳልን ጓደኞች ቃል እንውሰድ። መጀመሪያ ለፖሊስ «እስከ 12:15 ድረስ አብሮን ነበር» አሉ፤ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ። በኋላ ቃላቸውን ለውጠው «ማታ 10:30 ላይ ሄዷል» አሉ። በሁለቱ መካከል 105 ደቂቃ አለ፤ በሳል ላይ የተመሠረተው ጥርጣሬም አንድ እግሩ የቆመው በእነዚህ ደቂቃዎች ላይ ነው። በደብተርሽ ላይ ሁለቱም ቃል በእነዚያው ሰዎች ስም ጎን ለጎን ሲቀመጥ «የትኛው ነው ውሸቱ?» ከሚለው በፊት «ለምን ለወጡት?» የሚለው ይመጣል። ታዲያ ሰዓቱን መጽሐፉ እንደጻፈው ገልብጪ። ወደ ሌላ አቆጣጠር ከቀየርሽው አንድ ቦታ ላይ መሳትሽ አይቀርም፣ ከዚያ ያልዋሸውን ሰው ስትጠረጥሪ ትውያለሽ።

አሁን ገዳዩን ማወቅሽ የሚጠቅምሽ ጉዳይ ላይ ደረስን። ያ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር በእርሳስ ኅዳጉ ላይ አንድ ነጥብ አድርጊ፣ ሌላ ምንም አትጻፊ። መጨረሻ ላይ ነጥቦቹን ተከትለሽ ተመለሺና ደራሲዋ ፍንጩን በምን እንደሸፈነችው ተመልከቺ። የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ፍንጭ የሚደብቁባቸው የታወቁ ቦታዎች አሉ፦ የረዥም ዝርዝር መሃል፣ ቀልድ ውስጥ፣ ወይም አንባቢውን የሚያስደነግጥ ነገር ሊመጣ ሲል ከሱ በፊት ባለው መስመር። ከሦስቱ ይበልጥ የሚሸፍነው ይኼ የመጨረሻው ነው፤ ድንጋጤው የቀደመውን ዓረፍተ ነገር ያስረሳል። ይኼን ማየት የሚችለው መልሱን ይዞ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። ግን ነጥቡን በየቦታው ወደ ማብራሪያ እንዳትቀይሪው፤ ንባቡ የቤት ሥራ ይሆንብሽና እንደገና ትተዪዋለሽ።

ስታቆሚ በምዕራፍ መጨረሻ አታቁሚ። ምዕራፎቹ ልብ አንጠልጥለው ነው የሚያልቁት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለሺ ግለቱ በርዶ ክሩ ይጠፋብሻል። አንድ የመዝገብ ክፍል ካለቀ በኋላ አቁሚ፤ የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር እዚያ ስላለ ስትመለሺ እሱን አይቶ መቀጠል ቀላል ነው።

ስም ጠፍቶብሽ ስልክሽ ላይ ብትፈልጊ ደግሞ የሚመጣልሽ መልስ የቀጣዮቹን መጻሕፍት ምስጢር ይዞ ነው። ወደ ኋላ ገልጠሽ ፈልጊ።

እንዳያደናግርሽ አንድ ነገር ልጨምር። በፊልሙ ከተማዋ ሊትል ኪልተን ናት፣ እንግሊዝ ውስጥ። በእጅሽ ያለው ቅጂ ፌርቪው፣ ከነቲከት የሚል ከሆነ የአሜሪካው እትም ነው። የተበላሸ ወይም ሌላ መጽሐፍ አይደለም፤ የቦታ ስምና የትምህርት ቤቱ አሠራር ለአሜሪካ አንባቢ ተቀይሮ ነው፣ ምርመራው ያው ነው። የተዋናዮቹ ፊት ቢመጣብሽም አትታገዪው፣ ምንም አይጎዳም።

መዝለልን በተመለከተ፦ ሁለተኛው መጽሐፍ በ2020፣ ሦስተኛው በ2021 ወጥተዋል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ምርመራ ውጤት በግልጽ እየጠራ ነው የሚነሳው፤ የሚቀጥለውም ከመጽሐፉ እንጂ ከፊልሙ አይደለም። ፊልሙ ድርሻውን ያሳጠረበትን ሰው ሁለተኛው ላይ ስታገኚው «ይኼ ደግሞ ማነው?» ማለትሽ አይቀርም። ሦስተኛው በጣም ጨለማ ነው፤ ለታናሽ እህት ወይም ወንድም ከማዋስሽ በፊት ራስሽ አንብቢው። «ኪል ጆይ» የምትባለው አጭሯ መጽሐፍ ከሁሉም በፊት የሆነ ታሪክ ናት፣ በግድያ ጨዋታ ድግስ ላይ የምትካሄድ። በታሪኩ ቅደም ተከተል ቀዳሚ ብትሆንም ከመጀመሪያው መጽሐፍ በኋላ አድርጊያት፤ ፒፕን ሳያውቁ ለሚያነቧት ብዙም ስሜት አትሰጥም።