መኪና የማይገባበት የጠጠር መንገድ በደቡብ ፈረንሳይ፦ ከማዛሜ እስከ ቤዳሪዩ

ደቡብ ፈረንሳይን በብስክሌት ማየት ለሚፈልግ ሰው ሁሉም የሚጠቁመው ካናል ዱ ሚዲን ነው። ቦዩ በእርግጥ ድንቅ ሥራ ነው። በፒየር ፖል ሪኬ ጠንሳሽነት እ.ኤ.አ. ከ1666 እስከ 1681 የተቆፈረ፣ ከቱሉዝ ተነስቶ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ሜዲትራንያን የሚያደርስ፣ በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ነው። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጉዞ፣ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ፣ ፓሳ ፓይስን አስቀድሙ።

ፓሳ ፓይስ በኦ ላንግዶክ ተራሮች ግርጌ ከማዛሜ እስከ ቤዳሪዩ የሚዘልቅ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የቀድሞ የባቡር መስመር ነው። ሐዲዱ ተነስቶ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ተደልድሎበታል፤ አንዳንድ ቦታ ብቻ አስፋልት አለው። የባቡር መስመር መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሲወጣም ሲወርድም በዝግታ ነው። መግቢያዎቹ ላይ የእግረኛ፣ የብስክሌትና የፈረስ ምስል ያለበት ሰማያዊ ምልክት ታያላችሁ። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን መንገድ «ቩዋ ቨርት» ይሉታል። ያ ምልክት ባለበት ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አይገባም።

ከማዛሜ ጀምሩ። ከቱሉዝ በክልል ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ማዛሜ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ መንገዱ ኩርኒዩ የተባለችው መንደር ከመድረሱ በፊት ባለው ዋሻ ዘንድ 460 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወገባችሁ ሳይደክም ዳገቱን ጨርሳችሁ ከሰን ፖንስ ወዲያ በኦላርግ፣ በሞንስና በላማሉ በኩል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ይህ ዋሻ የውኃ መክፈያ ነው፤ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ ሜዲትራንያን ይፈስሳል። ልዩነቱ በአየሩም ይታያል፦ ከዋሻው ማዶ ፀሐዩ ይጠነክራል፣ ዛፉም ይለወጣል። ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት ጥቁር መነጽር አውልቁ፣ የፊትና የኋላ መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ከጣራው ውኃ ይንጠባጠባል፣ መብራት ያልያዘ እግረኛም ከፊታችሁ ሊኖር ይችላል።

ጉልበት ያለው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ እኛ የምንመክረው ግን ሁለት ቀን ነው። አዳር ኦላርግ ላይ ይሁን። ከአሮጌው የብረት የባቡር ድልድይ ላይ ሆናችሁ ኮረብታ ላይ የተሰቀለውን መንደርና በመካከለኛው ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ማየት ብቻውን ለጉዞው በቂ ምክንያት ነው። በማግስቱ ሞንስ ላይ ብስክሌቱን ቆልፋችሁ ወደ ኤሪክ ገደል በእግር ግቡ።

አሁን ወደ ጎማው። በጠጠር መንገድ ላይ ከሚደርሰው ችግር አብዛኛው የሚመጣው ጎማን እንደ አስፋልት ጠጥሮ በመንፋት ነው። ጠጥሮ የተነፋ ጎማ ከእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይዘላል፣ መታጠፊያ ላይ ይከዳል፣ እጅና ወገብ ይጨርሳል። ለፓሳ ፓይስ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃል፤ ለካናሉ ከ40 እስከ 45 ያስፈልጋል። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው፣ ካላማዳሪ በሌለው ባለ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ከፊት 2.2 ከኋላ 2.4 ባር የአየር ግፊት ይዞ ይጀምር። ካላማዳሪ ያለው ከሆነ 0.4 ባር ይጨምር፤ ያለበለዚያ ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ሻንጣ የሚጭን ሰው የኋላውን ብቻ ትንሽ ያጠንክር።

ካላማዳሪ በሌለው ጎማ ውስጥ የሚጨመረው ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ ለዚህ ስፋት 90 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በደቡቡ የበጋ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ከጉዞው በፊት ጎማውን አውልቃችሁ እዩ፤ በሚያዝያ የተጨመረው ሐምሌ ላይ ላስቲክ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህን ካላያችሁ ቁጥቋጦ ከተከረከመ በኋላ መንገዱ ላይ የሚቀረው እሾህ ያስቆማችኋል። በቦርሳ ውስጥ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ የቀዳዳ መወተፊያ፣ ፖምፓ፣ የሰንሰለት ማያያዣና የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ብረት ይኑሩ። ይህ ብረት ብስክሌቱ ሲወድቅ ወይም ባቡር ላይ ሲጋጭ በቀላሉ ይጣመማል፤ ለእያንዳንዱ ብስክሌት ልዩ ስለሆነ የመንደር ሱቅ ውስጥ አይገኝም። በየመንገዱ ዳር ጎሚስታ ያለበት አገር አይደለም።

ካናሉን ለሚመርጡ ሁለት ነገር እንጨምር። ከቱሉዝ እስከ ፖር ሎራጌ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፣ ማንም ይነዳዋል። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ይሆናል፤ ከካርካሶን ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ ብዙ ቦታ ጠባብ የአፈር መንገድና የዛፍ ሥር ነው። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ሸክላ ስለሆነ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ተጠቅጥቆ ቸርኬውን ያስቆማል። እንዲህ ከሆነ መግፋት ሰንሰለት መበጠስ ነው፤ በአቅራቢያው ወዳለው ትንሽ አስፋልት ውጡ። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። «ሴርስ» የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በብርቱ ይነፍሳል፤ ስለዚህ ከቱሉዝ ወደ ባሕሩ ንዱ። በተቃራኒው የሚሄድ ሰው ሜዳ ላይ ሆኖ ዳገት ይወጣል። ጥላ ይሰጡ የነበሩት ትልልቅ የፕላታን ዛፎችም በፈንገስ በሽታ ምክንያት ብዙዎቹ ተቆርጠዋል፤ የድሮ ፎቶ አይታችሁ ጥላ አለ ብላችሁ አትውጡ።

ወቅቱ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ እንዲሁም የመስከረም መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል፤ ወራቱን በፈረንጅ ቁጠሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቃጠሎ ስጋት ባለበት ቀን የጫካ መንገዶች በአካባቢው አስተዳዳሪ ትእዛዝ ሊዘጉ ይችላሉ፤ የነገውን ማምሻውን አረጋግጡ። በመከር ደግሞ ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ሌሊት ወንዝ ያስሞላል፤ በጥቅምት 2018 ካናሉ ዳር ያለችው ትሬብ የደረሰባት ጉዳት ይህ ነው። የፈረንሳይ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የሜቴዎ ፍራንስ ማስጠንቀቂያ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ አትውጡ። ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ አደን ስላለ ከሩቅ የሚታይ ልብስ ልበሱ።

ስለ ምግብ፦ በመንደሮቹ ሱቆች በፈረንጅ ሰዓት ከ12:30 እስከ 3 ድረስ ይዘጋሉ፤ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። በሶ ይዛችሁ ውጡ፤ በማርና በትንሽ ጨው የተበጠበጠ በሶ ውድ ከሆነው የስፖርተኛ ጄል አያንስም፣ ሆድም አይረብሽም። ቆሎም ኪስ ውስጥ ይያዝ። ለጾመኞች፦ ባጌት ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ነው፤ ክሯሳን ግን ቅቤ አለበት። ፉጋስ የሚባለው የደቡቡ ዳቦ አንዳንዴ የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ ስለሚገባበት ጾመኛውም ሙስሊሙም ጠይቆ ይግዛ። በሙቀት በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ውኃ ትጠጣላችሁ። የመንደር መቃብር ቦታዎች ብዙ ጊዜ ቧንቧ አላቸው፤ «ኖን ፖታብል» ከተጻፈበት ግን አትጠጡ።

ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የራስ ቁር ማድረጉ በሕግ ግዴታ ነው። እግረኛ ስታልፉ ደወል ደውሉ፣ «ቦንዡር» በሉ፤ ፈረስ ካለ ከሩቅ ድምፅ አሰሙና ቀስ ብላችሁ እለፉ። መንገዱ አስፋልት ሲያቋርጥ ቅድሚያ ብዙ ጊዜ የመኪናው ነው፤ መሻገሪያው ላይ የተተከለው መከላከያም ሰፊ ሻንጣ ይጠልፋል።

ከሌላ አገር በባቡር ወይም በአውቶቡስ የምትመጡ የመኖሪያ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ዋናውን ያዙ፤ ድንበር ላይ ፍተሻ አለ፣ የስልክ ፎቶ አይበቃም። በአውሮፓ ኅብረት አገር ዋስትና ያላችሁ የአውሮፓ የጤና ካርዳችሁን አትርሱ። አደጋ ቢደርስ 112 ደውሉና ከአቅራቢያችሁ ያለውን የመንደር ስም ተናገሩ።

መመለሻችሁን አስቀድማችሁ አስቡበት። ከቤዳሪዩ ወደ ቤዚዬ ባቡር አለ፣ ግን በቀን ጥቂት ነው፤ የመጨረሻው ካመለጠ እዚያው ታድራላችሁ። በፈጣኑ ባቡር ለብስክሌት ቦታ ካላስያዛችሁ፣ ፈትታችሁ 130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማያልፍ ቦርሳ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ። በክልሉ ባቡር ሳይፈታ ይጫናል፤ መስቀያው ጥቂት ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ጣቢያ ድረሱ፣ ሻንጣውንም ባቡሩ ሳይመጣ አውርዱ።