ካምቢዮው ይውረድ ከመባሉ በፊት፦ የአሮጌ አውቶማቲክ መኪና ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የላካችሁልኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው፣ ደሞ ግማሾቻችሁ ገና ምኑም ሳይታይ «ይውረድ»፣ ማለትም ተፈቶ ከመኪናው ይውጣ፣ ተብላችኋል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል፣ አንዴ ከወረደ ወጪው ሌላ ነው።

«2002 ሞዴል ኮሮላ ነው፣ ዲ ሳስገባው ትንሽ ቆይቶ ደንገጥ ብሎ ነው የሚይዘው።»

ወንድሜ ቆይ፣ መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት እይ። ትንሽ ነድተኸው ይሙቅ፣ ሜዳ ላይ አቁመህ ሞተሩን ሳታጠፋ ፍሬን ይዘህ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አንድ በአንድ አስነካውና ፒ ላይ መልሰው፣ ከዛ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ ጠርገህ ድጋሚ ስትከተው ዘይቱ ሆት የሚለው ምልክት ላይ መድረስ አለበት። ብዙ ሰው እንደ ሞተር ዘይት አጥፍቶ ይለካዋል፣ ያኔ ከፍ ብሎ ይታይና ሙሉ ነው ብሎ ይሸወዳል። ከጎደለ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ማርሹም ይዘገያል። የካምቢዮ ዘይት ደሞ እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ አያልቅም፣ ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ጨምረህ ብቻ እንዳትሄድ። ሙሉ ከሆነ ሰዓት ያዝ፣ በቶዮታ መመሪያ ከኤን ወደ ዲ እስኪይዝ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ከ1.5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። በየመሀሉ አንድ ደቂቃ እያሳረፍክ ሦስቴ ለካው።

«አዳማ መንገድ ላይ 100 ይዤ ሞተሩ ይጮሃል፣ አራተኛ አይገባም፣ ነዳጅም በላ።»

እህቴ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ኦዲ ኦፍ (አራተኛው ማርሽ ተዘግቷል ማለት ነው) የሚል መብራት በርቶ ከሆነ ማርሹ ላይ ያለችው ቁልፍ ሳታውቂ ተነክታለች፣ አንዴ ተጫኛት አለቀ። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ብልሽት መዝግቧል፣ አስነብቢው። ሁለቱም ካልሆነ የሙቀት ጌጁን እዪ፣ ረጅም ነድተሽም ከታች አልነሳ ካለ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚዘጋው ክዳን፣ ወልቆ ይሆናል። እኛ ጋ መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታት አውልቆ መጣል ልማድ ሆኗል፣ ሞተሩ ደሞ በደንብ ካልሞቀ ኮምፒውተሩ አራተኛ አያስገባም፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘውን ኮንቨርተርም አይቆልፍም። ስንቱ ጤነኛ ካምቢዮ በዚህ ምክንያት ተፈቷል መሰለሽ! ቴርሞስታቱ ይመለስ፣ የሚሞቅበት ምክንያት ለብቻው ይፈለግ።

«ቪትዜ ላይ ተራውን ቀይ ዘይት ጨመሩልኝ፣ ችግር አለው?»

ሲቪቲ የሚባለው የካምቢዮ ዓይነት ከሆነ አዎ፣ ከ2005 በኋላ የመጣው ቪትዝ ደሞ ብዙው ሲቪቲ ነው። እሱ በብረት ቀበቶ ስለሚሰራ ዘይቱ የራሱ ነው። ሳትነዳው አስለውጥ።

«መለኪያው ላይ ያለው ዘይት የእንጆሪ ወተት መስሏል።»

ዛሬውኑ አቁመው በናትህ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፣ እሱ ሲበሳ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ይገባና ማርሹን የሚይዙትን ፍሪሲዮኖች ሙጫቸውን ያስለቅቃቸዋል። ራዲያተሩ ይቀየር፣ ዘይቱም ደጋግሞ ይታጠብ፣ አንዴ ስታፈሰው 3 ሊትር አካባቢ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ቀናት ከነዳኸው ግን ያኔ መውረዱ አይቀርም።

«መንገድ ላይ ቆማብኝ በገመድ ላስጎትታት?»

አይሆንም። ሞተር ካልዞረ ፓምፑ አይሰራም፣ ጎማው ግን ውስጡን ያለ ዘይት ያሽከረክረዋል። ኮሮላና ቪትዝ በፊት ጎማ ስለሚሄዱ ፊታቸው ተነስቶ ነው መጎተት ያለባቸው፣ ገፍተህ ለማስነሳትም አትድከም፣ አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም።